ማሄን በመኪና፣ በዝግታ፦ የሲሼልስ የሦስት ቀን ጉዞ መመሪያ

ማሄ የሲሼልስ ትልቋ ደሴት ናት። ትልቋ ስላልኩ ግን አትሳቱ። ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ወርዷ በሰፊው ቦታ ቢበዛ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታውን ያየ ሰው «ይቺንማ በግማሽ ቀን ዞሬ እጨርሳታለሁ» ይላል። እኔም ብያለሁ።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ጠዋት ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ተነሳሁ። በምሥራቁ ዳርቻ ወደ ደቡብ ወርጄ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ወደ ሰሜን ወጥቼ፣ በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ባለችው ቦ ቫሎን ለእራት ልደርስ ነበር ሐሳቤ። ፖርት ሎኔን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ መንገዱ አለቀ። በቃ፣ አለቀ። ከፊቴ ያለው ተራራና ባሕር ብቻ ነው። ቦ ቫሎን ከተራራው ጀርባ ናት፤ እዚያ የሚወስድ የመኪና መንገድ ግን የለም። ወደ ኋላ ተመልሼ ተራራውን መሻገር ግድ ሆነ፤ በጨለማ፣ በዝናብ፣ በማላውቀው ኩርባ ላይ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ የማሄ መንገድ ቀለበት አይደለም። ሰሜን ምዕራቡ ጥግ ላይ ተቆርጧል። ምሥራቅና ምዕራቡን የሚያገናኙት ተራራ አቋርጠው የሚያልፉ አምስት ያህል መንገዶች ናቸው። እቅዳችሁን በኪሎ ሜትር አታውጡ። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ዛሬ ነፋሱ ከየት ነው የሚነፍሰው? ተራራውን የምሻገረው በየትኛው መንገድ ነው? ቀሪው በራሱ ይስተካከላል።

ከታች ያለው የሦስት ቀን ጉዞ ነው። በሁለት ቀን ይቻላል፤ ግን ምን ያስቸኩላል?

መቼ? ነፋሱን ጠይቁ

ሲሼልስ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። የሚቀያየረው ነፋሱ ነው።

ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። አየሩ ደረቅና ቀለል ያለ ይሆናል። ግን የምሥራቅና የደቡብ ዳርቻው ባሕር ይናወጣል፤ የባሕር አረምም ወደ አሸዋው ይገፋል። በዚህ ወቅት ለመዋኘት ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቦ ቫሎን ነው የሚኬደው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ሙቀቱና ዝናቡ ይበረታል። ቦ ቫሎን ማዕበል ይይዛታል፤ ደቡብ ምሥራቁ ጸጥ ይላል።

ሚያዝያና ጥቅምት በሁለቱ መካከል ያሉ የሽግግር ወራት ናቸው። ነፋሱ ያርፋል፤ ባሕሩ እንደ መስተዋት ይሆናል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ሚያዝያን እይዛለሁ።

ይህን ሳያውቁ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። በሐምሌ ወር ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ሆቴል ይይዙና «ፎቶው ላይ እንዲህ አልነበረም» ብለው ያማርራሉ። ፎቶው አልዋሸም፤ የተነሳው በየካቲት ነው።

ቪዛን በተመለከተ ሲሼልስ የአብዛኛውን አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም። ነገር ግን ከመሳፈራችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መውሰድ ግዴታ ነው። የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ቦታ ማስረጃ ይጠየቅበታል። ለመጨረሻው ሌሊት አታቆዩት።

መኪናው ትንሽ ይሁን

ትልቅ መኪና አትከራዩ። የማሄ መንገድ ጠባብ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሁለት መኪና የሚተላለፈው አንዱ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ባለ አምስት በር ትንሽዬ የቤት መኪና በቂ ነው። ደግሞ አውቶማቲክ ጠይቁ፤ አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ ያልቃል። በግራ እጅ ማርሽ እየቀያየሩ፣ በማያውቁት ዳገት ላይ፣ ከኋላ አውቶቡስ እያስነጠሰ መሄድ የዕረፍት ጊዜ ሥራ አይደለም። ብዙ ሻንጣ ካላችሁ ማረፊያችሁ ይቀመጥ።

መንጃ ፈቃዳችሁን ያዙ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ካላችሁም ጨምሩበት። አከራዩ የቱን እንደሚቀበል፣ የዕድሜ ገደቡ ስንት እንደሆነና ማስያዣው ስንት እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ኢንሹራንሱ ላይ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ይሸፈናል ወይ?» ማሄ ላይ የሚጎዳው በብዛት ይኸው ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። በዝግታ ቅረጹ፤ ጎማ በጎማ፣ ስፖኪዮ በስፖኪዮ። ስኮርታውና ክሪኩ መኖራቸውን ከፍታችሁ እዩ። የነዳጁን መጠን የሚያሳየውን ሰሌዳም ፎቶ አንሱ። ቸኩሎ ቁልፍ የሚያቀብል ሰው ቢያጋጥማችሁ እናንተ አትቸኩሉ።

ማደያ በየመንደሩ የለም። ወደ ደቡብ ወይም ወደ ተራራው ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉ። ካርታውን ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱት፤ ከተራራው ጀርባ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።

ግራ መያዝ

ሲሼልስ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። መሪው በቀኝ በኩል ነው። በቀኝ ለለመደ ሰው ከባዱ ቀጥታ መንገድ ላይ መሄዱ አይደለም፤ እዚያ ከፊት ያለውን መኪና መከተል ነው። ከባዱ ከቆሙ በኋላ እንደገና መነሳት ነው። ጠዋት ከሆቴል ስትወጡ፣ ከባሕር ዳርቻ ስትነሱ፣ ባዶ መንገድ ላይ ስትታጠፉ እጅ ወደ ለመደው ይሄዳል።

እኔ በትንሽ ወረቀት ላይ «ግራ!» ብዬ ጽፌ መሪው ፊት ለጠፍኩ። ሕፃን የመሰለ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ደግሞ መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር «ግራ» ብሎ ይጩህ። ሥራው ይኸው ይሁን፤ ሙዚቃ መምረጥ ትርፍ ነው።

ፍሬቻ አበራለሁ ብላችሁ የዝናብ መጥረጊያውን ብታስነሱ አትደንግጡ። በአንዳንዶቹ መኪናዎች ቦታቸው ተገልብጧል። በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን እየጠረገ የሚሄድ መኪና ካያችሁ እንግዳ መሆኑን እወቁ።

አደባባይ ላይ የሚዞረው ሰዓት እንደሚዞረው ነው፤ ቅድሚያውም ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ፍጥነት በመንደር ውስጥ 40፣ ከመንደር ውጭ 65፣ ከቪክቶሪያ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው ሰፊ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በተራራው ላይ 65 የሚነዳ ካያችሁ ወይ የአገሩ ሰው ነው ወይ አብዷል።

አሁን ስለ ቦዩ። ዝናቡ ኃይለኛ ስለሆነ በመንገዱ ጠርዝ ጥልቅ የውሃ ቦይ ተቆፍሯል። ክዳን የለውም፤ ብዙ ቦታ መከለያም የለውም። አስፋልቱ ያልቅና ቦዩ ይጀምራል፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር እንኳ ትከሻ የለም። በቀኝ የለመደ ሹፌር ደግሞ በግራ በኩል ያለውን የመኪናውን ወርድ መገመት ያቅተዋል፤ ሳያውቀው ወደ ግራ ይጠጋል። እኔ ከአውቶቡስ ለመሸሽ ትንሽ ጠጋ አልኩና የፊት ግራ ጎማዬ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የመኪናው ሆድ አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ፌርማታ ላይ የቆሙ ሦስት ጎልማሶች መጡ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ አንስተው አወጡልኝ። ምስጋናዬን እንኳ ሳልጨርስ አውቶቡሳቸው ደርሶ ሄዱ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው፦ አውቶቡስ ከፊት ሲመጣ ወደ ጠርዝ አትሽሹ። ፍጥነት ቀንሱ፤ ካስፈለገም ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ቁሙና አሳልፉት። የማሄ አውቶቡስ ሹፌር ኩርባውን ሙሉ ለሙሉ ይዞ ይመጣል፤ መንገዱ የእሱ ነው። ዓይነ ስውር ኩርባ ላይ ክላክሱን ነካ አድርጉ። ሁለት ሹፌሮች መንገድ መሐል ቆመው ሲያወሩ ብታገኙም ጠብቁ። ሰላምታቸው እስኪያልቅ ነው።

ቀን 1፦ ሰሜኑ፣ ለእጅ ማሟሻ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተነሱ። (ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሲሼልስ ኢትዮጵያን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዓታችሁን አስተካክሉ።)

መጀመሪያ ቪክቶሪያ። ትንሽ ከተማ ናት፤ በእግር ትዞሯታላችሁ። መሐል ከተማ ማቆሚያ የሚከፈለው በኩፖን ነው፤ ከሱቅ ትገዙና ቀኑንና ሰዓቱን አመልክታችሁ መስታወቱ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከተማዋ መሐል በ1903 የቆመች ብርማ የሰዓት ማማ አለች፤ ለንደን ያለች አንዲት ትንሽ ማማ ግልባጭ ናት። ሁሉም ፎቶ ያነሳታል። እናንተም አንሱና ወደ ገበያው እለፉ።

ገበያው ከሁሉ ይበልጣል። ቅዳሜ ጠዋት ይደምቃል፤ እሑድ ዝግ ነው። የአሣው መደብ ላይ እግረ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ከሻጮቹ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ሻጩ አሣውን ሲሰነጥቅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያያሉ፤ የሆድ ዕቃው ሲወረወር አንዱ ይቀልባል። የሚያባርራቸው የለም። ጎን ደግሞ ቫኒላ፣ ቀረፋና በርበሬ በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ይሸጣል። ለመንገድ የሚሆን ሙዝና ፓፓያ እዚሁ ግዙ፤ በጥሬ የሲሼልስ ሩፒ ነው የሚሻለው።

ከቪክቶሪያ ወደ ቦ ቫሎን በሴንት ሉዊ ዳገት ተሻገሩ። ከዚያ የባሕሩን ጠርዝ ይዛችሁ በግላሲ በኩል ሰሜን ጫፍ ድረስ ሂዱና በአንስ ኤትዋል በኩል ወደ ቪክቶሪያ ተመለሱ። ይህ የሰሜኑ ዙር ይዘጋል፤ መንገድ አይቆረጥም። «አንስ» በፈረንሳይኛ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ማለት ነው፤ ደሴቷ ላይ በየኪሎ ሜትሩ ታገኙታላችሁ።

አቅጣጫውን ልብ በሉ። በዚህ በኩል ስትዞሩ ባሕሩ ሁልጊዜ በግራችሁ ነው። በግራ ስለምትነዱ ለማቆም ስትፈልጉ የሚመጣውን መኪና መሻገር አይኖርባችሁም። ገባ ብሎ ማቆም፣ ወጣ ብሎ መሄድ ነው። በተቃራኒው ከዞራችሁ እያንዳንዱ ፎቶ አንድ መሻገር ያስከፍላችኋል። ነገ ደቡብን ስትዞሩም ደንቡ ይኸው ነው።

ግላሲ አካባቢ ትላልቅ ግራጫ ድንጋዮች ባሕሩ ውስጥ ተኝተዋል። ግራናይት ናቸው፤ ዕድሜያቸው 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ውቅያኖስ መሐል ያለ ደሴት አብዛኛውን ጊዜ ከእሳተ ገሞራ ወይም ከኮራል ነው የሚሠራው። እነዚህ ግን የጥንት አህጉር ቁራጭ ናቸው፤ ሕንድና ማዳጋስካር ሲለያዩ መሐል ባሕር ላይ የቀሩ።

ማምሻውን ወደ ቦ ቫሎን ተመለሱ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ጨለማው ግን ቶሎ ነው የሚወርደው፤ የማምሻ ብርሃን የሚባል እምብዛም የለም። ረቡዕ ከሆነ አሸዋው ዳር የምግብ ገበያ ይቆማል። ባይሆንም የተጠበሰ አሣ አይጠፋም።

ቀን 2፦ ደቡቡ፣ ረጅሙ ቀን

የቢሮ ሰዓት መኪና ብዙ ነው፤ ወደ ቪክቶሪያ የሚገባው ደግሞ ይብሳል። እናንተ ከከተማ ስለምትወጡ ብዙም አያስቸግራችሁም። አየር ማረፊያው ከቪክቶሪያ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከእሱ በኋላ መንገዱ ይጠብባል፤ እውነተኛው ማሄ እዚህ ይጀምራል።

አንስ ኦ ፔን እና ኦ ካፕ የሚባሉትን መንደሮች በዝግታ እለፉ። በኦ ካፕ የሩም ማምረቻ አለ፤ በአሮጌ የእርሻ ግቢ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ግቢውን ብቻ ይጎብኝ። ይህን በቀልድ አልልም፤ ከፊታችሁ ያለው መንገድ አንድ ብርጭቆም አይፈልግም።

አንስ ሮያል ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቁሙ። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ከፊቱ ያለው የኮራል አጥር ማዕበሉን ይሰብራል። በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወቅት ግን እዚህም አረም ይኖራል። ከዚህ ትንሽ ወደ ላይ፣ ኮረብታው ላይ «ዣርዳን ዱ ርዋ» የሚባል የቅመም አትክልት ቦታ አለ። የዳገቱ መንገድ ጠባብ ነው፤ ግን ውጡት።

የቦታው ታሪክ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። በ1772 ፈረንሳዮች በዚህ አካባቢ ቅርንፉድና ቀረፋ በድብቅ ተከሉ። ያኔ የቅመም ንግድ በሆላንዶች እጅ ነበር፤ ያንን ሊሰብሩ ነው። በ1780 አንድ መርከብ ከሩቅ ታየ። እንግሊዞች መጡ ብለው ቅመሙ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ አትክልቱን አቃጠሉት። መርከቡ ሲጠጋ የፈረንሳይ ሆኖ ተገኘ። የቀረፋው ዘር ግን ቀድሞ አምልጧል፤ ወፎች በልተው ተራራው ላይ ሁሉ በትነውታል። ዛሬ ማሄ ላይ ቀረፋ የዱር ዛፍ ነው። መንገድ ዳር ቁሙና ለጋ ቅጠል ቆርጣችሁ በጣታችሁ እሹት። መጀመሪያ የቅጠል ሽታ ነው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የሻይ ሽታ ይሆናል።

ምሳችሁን እዚሁ አካባቢ ከሚወሰድ ምግብ ቤት ያዙ። ሩዝ፣ የአሣ ወይም የኦክቶፐስ ወጥ በኮኮናት ወተት፣ ምስር፣ ትንሽ ቃሪያ፤ በዕቃ ይሞላላችኋል። ምግብ ቤቶቹ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ድስቱን ሊያሟጥጡት ይችላሉ፤ ስለዚህ ቀደም በሉ። ብሬድፍሩት የሚባለው የዛፍ ፍሬ እንደ ድንች ተጠብሶ ካገኛችሁ አትለፉት። የአገሩ ሰው «ብሬድፍሩት የበላ ተመልሶ ይመጣል» ይላል። እኔ ሁለት ጊዜ ነው የበላሁት፤ ተመልሼ የሄድኩት አንዴ ነው። አንድ ጉዞ ይቀረኛል ማለት ነው።

ከአንስ ፎርባን በኋላ መንገዱ ባሕሩን ይተውና ኮረብታውን ይሻገራል። ካትር ቦርን ከምትባለው መንደር ላይ ወደ አንስ ኢንተንዳንስ የሚወስድ መገንጠያ አለ። ሂዱ። ነጭ አሸዋ፣ ትልቅ ማዕበል፣ ጥቂት ሰው። ፊት ለፊቱ የኮራል አጥር ስለሌለ ውቅያኖሱ በቀጥታ ነው የሚመጣው። በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወቅት እዚህ መዋኘት አደገኛ ነው፤ ከሥር የሚጎትተው ውሃ ጎበዝ ዋናተኛ አይመርጥም። ተቀመጡና ተመልከቱ። እኔ እዚህ ሁለት ሰዓት ያለ ምንም ሥራ ተቀምጫለሁ፤ ከጉዞው ሁሉ የማስታውሰው ሰዓት ይኸው ነው። ማዕበሉ ከመሰበሩ በፊት ለአንድ አፍታ አረንጓዴ ብርጭቆ ይመስላል፤ ፀሐይዋ በውስጡ ታልፋለች። ከዚያ ይወድቅና መሬቱ ይርገበገባል።

የማቆሚያ ነገር፦ ኮኮናት ዛፍ ሥር አታቁሙ። ጥላው ያጓጓል፤ ፍሬው ግን ኮፈኑን ወይም መስታወቱን ይሰብራል። ሰፊ ቅጠል ያለው የታካማካ ዛፍ ጥላው ይሻላል። መቀመጫ ላይ ቦርሳ አትተዉ። ሲሼልስ ሰላማዊ ናት፤ ባሕር ዳር የቆመ የኪራይ መኪና ግን የትም አገር ሌባን ይጠራል።

ከካትር ቦርን ወደ ምዕራብ ውረዱ። አንስ ታካማካ ትመጣለች፤ ቀጥሎ ቤ ላዛር፣ በ1740ዎቹ ደሴቶቹን እየዞረ ባሰሰው በላዛር ፒኮ ስም የተጠራችው። ኮረብታ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ ትታያለች። ከዚያ አንስ አ ላ ሙሽ፦ ውሃው እጅግ ጥልቀት የሌለው፣ ልጆች ለያዘ ቤተሰብ የሚመች።

እዚህ ስትደርሱ ሰዓታችሁን እዩ። ከ11 ሰዓት በፊት ከሆነ በሌ ካኔል መንገድ ኮረብታውን ተሻግራችሁ ወደ አንስ ሮያል መመለስ ትችላላችሁ፤ አጭር ነው። ከዚያ በላይ ከመሸ ተራራውን በጨለማ አትጀምሩ። ማታ የሰፈሩ ሰው በመንገዱ ጠርዝ ነው የሚሄደው፤ የእግረኛ መንገድ የለም፤ መብራቱም አነስተኛ ነው። ደቡብ ውስጥ ለማደር ክፍል ከያዛችሁማ ምን ችግር አለ።

ቀን 3፦ ተራራው

ይህ ቀን አጭር ነው፤ ኩርባው ግን ብዙ ነው። ተሳፋሪ የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ቁርሱን ይቀንስ፤ ጋቢና ይቀመጥ።

ከቪክቶሪያ በሳን ሱሲ መንገድ ውጡ። የደሴቷ ከፍተኛ ቦታ ሞርን ሲሼልዋ 905 ሜትር ነው፤ መንገዱ በዚሁ ስም በሚጠራው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። ጠዋት በጊዜ ውጡ፤ ወደ ቀትር ሲጠጋ ደመናው ተራራውን ይሸፍነዋል። ታችኛው ቦታ ጠራራ ሆኖ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ብዙ ማቆሚያ የለም፤ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ ተጠቀሙበት።

ሳን ሱሲ ላይ የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ ከ1956 እስከ 1957 በግዞት ኖረዋል። እንግሊዞች ሲሼልስን የማይፈልጉትን ሰው መላኪያ አድርገዋት ነበር። የአሻንቲው (በዛሬዋ ጋና) ንጉሥ ፕሬምፔም ከ1900 እስከ 1924 ማሄ ላይ ነበሩ። ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣበት ቦታ ያኔ ቅጣት ነበር።

በእግር መውጣት የምትፈልጉ ከሆነ የኮፖሊያ መንገድ ከዚሁ አስፋልት ይጀምራል። መግቢያ ይከፈላል። በአንድ ሰዓት ገደማ 500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ካለ ገላጣ ግራናይት ላይ ትደርሳላችሁ። ነፍሳት የሚበላው ባለ ማሰሮ ተክል እዚያ ይበቅላል። ከዘነበ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ነው፤ ተዉት።

ቀጥሎ የሚሽን ፍርስራሽ ይመጣል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከባሪያ መርከቦች ያስጣላቸው አፍሪካውያን እዚህ ደሴት ላይ ይወርዱ ነበር። በ1876 ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1889 ተዘጋ። የቀረው የድንጋይ መሠረትና ትልልቅ ዛፎች ናቸው። መጨረሻው ላይ በ1972 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጉብኝት የተሠራ የእንጨት ዳስ አለ። ከዳሱ ምዕራቡ ዳርቻ በሙሉ ይታያል። ሰው ሁሉ ወደ ዳሱ ይሮጣል። እናንተ መጀመሪያ ፍርስራሹ ጋ ቁሙ። ልጆቹ ከየት እንደመጡ አስቡ፤ ከመካከላቸው ከእኛው ምሥራቅ አፍሪካ የተወሰዱ ነበሩ።

ከሚሽን በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ማርሽ ቀንሱ፤ አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። ፍሬን እየረገጡ እስከ ታች መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። በመንገዱ የሻይ እርሻ ታያላችሁ፤ ቁልቁል ሲታይ ሻዩ ያልቅና ባሕሩ ይጀምራል።

ታች ፖርት ግሎ ነው። ወደ ቀኝ ታጠፉና ፖርት ሎኔ ድረስ ሂዱ። የባሕር ፓርክ ስለሆነ ዓሣው ብዙ ነው፤ የመዋኛ መነጽር ካላችሁ እዚህ አውጡት። እኔ የተያዝኩበት የመንገድ መጨረሻ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አሁን ግን ታውቁታላችሁ።

ስትመለሱ በደቡብ በኩል እስከ ግራንድ አንስ ውረዱና በላ ሚዜር መንገድ ወደ ምሥራቅ ተሻገሩ። እዚያ መንገድ ላይ መመልከቻ ቦታ አለ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ድረሱ፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስለምትሆን ከታች ያሉት የሴንት አን ደሴቶች በብርሃን ይታያሉ። ጠዋት ከሄዳችሁ ፀሐይ ፊታችሁን ትመታለች፤ ፎቶውም ነጭ ይሆናል። አየሩ ከጠራ ከደሴቶቹ ኋላ፣ በሩቅ፣ የፕራስሊን ደሴት ትታያለች። ወደዚያ በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ነው፤ መኪናውን ግን ይዛችሁ አትሳፈሩም።

ጥቃቅን ነገሮች

እሑድ ሱቅ ብዙው ዝግ ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ ባሕር ዳር ይወጣል፤ የሙዚቃውና የጥብሱ ነገር ሌላ ነው። በግራ መንዳት የምትለማመዱበት ቀን ከፈለጋችሁ ግን እሑድ ጠዋት ነው፤ መንገዱ ባዶ ነው።

እንግሊዝኛ ሁሉም ይናገራል። ግን «ቦንዙር» ብላችሁ ካልጀመራችሁ ፊቱ ቆጠር ይላል። ክሪዮል ነው፤ ሰላምታ ማለት ነው። ሱቅ ስትገቡ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ አዛውንት አጠገብ ስትቆሙ፣ መንገድ ስትጠይቁ መጀመሪያ ቦንዙር። «ሜርሲ» ደግሞ እናመሰግናለን።

መኪናውን ከመመለሳችሁ በፊት ነዳጁን እንደተረከባችሁት አድርጉ፤ አሸዋውን ከምንጣፉ አራግፉ፤ ቪዲዮውን እንደገና ቅረጹ። የለጠፋችኋትንም ወረቀት አንሱ። እኔ ረስቼያት አየር ማረፊያ ስደርስ ነው ትዝ ያለችኝ። አከራዩ በማያውቀው ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል መሪው ፊት ተለጥፎ ሲያገኝ ምን እንዳሰበ እንጃ። እኔ ግን አገሬ ገብቼ መኪና ስይዝ ለሁለት ቀን ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር መጥረጊያው ነበር የሚነሳው።